አርባ ሁለት ሰከንድ

ዜሞቪት ደወለ እኩለ ሌሊት ላይ፤
«አርባ ሁለት ሰከንድ፣ ሽማግሌው ሲታይ፤
ሰው አታስለቅሺ፣ ዓይንም አይድረቅ ግን፤
ስርጭቱ እሁድ ነው፣ ለጧት ይድረስልን።»

ባሕሩ ግዳንስክ ላይ በረዶ ሲተፋ፣
አራተኛው ፎቅ ላይ እንቅልፌ ሲጠፋ፣
አየሁት፣ አየሁት፣ አርባ ጊዜ አየሁት፦
ሁለት ብርጭቆ ያወርዳል ከመደርደሪያ፤
ያስታውስና አንዱን ይመልሳል ወዲያ።
ይኸው ነው።

ሴሎ ጻፍኩለት፤ ግን ሴሎው ወሬ አቀባይ፣
እጁ ገና ሳይነሣ «እዘኑለት» ባይ።
ሰረዝኩት።
ፒያኖ ሞከርኩ፤ የሳሙና ማስታወቂያ ሆኖ ቁጭ።
እሱንም ሰረዝኩ።

ሊነጋ ሲል ነው ፍሪጁን የሰማሁት።
ከሽማግሌው ጀርባ ያጉረመርማል፤
ድምፅ ቀራጩ ከሥር «ይቅርታ፣ ማጥፋቱን ረስተን ነው» ብሎ ጽፏል።
መቃኛ አስጠጋሁለት፦
ሲ ቤሞል፣ ትንሽ ዝቅ ያለ።
ቫዮላዬን አነሣሁ፤
እንደሱው ዝቅ አድርጌ ቃኘሁና ሁለት ጊዜ ደራርቤ ቀዳሁት፣
አብሮት እንዲያጉረመርም፤ ሌላ ምንም።
ሠላሳ አንደኛው ሰከንድ ላይ ፍሪጁ ቀጭ ብሎ ይጠፋል።
ቫዮላው ግን ይቀራል።

እሁድ ማታ የጎረቤቴ የዶብሮሚላ ቴሌቪዥን
በግድግዳው አልፎ ይሰማኝ ነበር፤ ሳህን እያጠበች ነው የምታየው።
ሠላሳ አንድ ስቆጥር
የውሃው ድምፅ ቆመ።

በማግስቱ ደረጃው ላይ፣ ቆሻሻዋን አንጠልጥላ፣
«ያቺን ቦታ» አለችኝ፣ «ያለ ሙዚቃ መተዋቸው
እንዴት ጥሩ አደረጉ!»
በሩን ያዝኩላት።
«እውነትዎን ነው» አልኳት።