የወደቀ ማንሣት

ከቡራዩ ታክሲ ማዞሪያ፣ ከጎሚስታው አጠገብ
ፎቶ ቤት አለኝ፣ ጠባብ።
ከወንበሩ ኋላ ባሕር ተሰቅሏል፣ በዘይት ቀለም፤
መርዕድ ነው የሳለው፣ ባሕር አይቶ አያውቅም፤
እኔም አላየሁም።
ሁለት ዘንባባ፣ አንዲት ጀልባ፣ ሰማዩ የእንቁላል አስኳል፣
ፀሐዩ አይወጣ አይጠልቅ፣ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቦታ ይውላል።

ሙሽራ ይቆምበታል፣ በተከራየው ሱፍ፤
ተመራቂ ይስቅበታል፣ የካባውን አቧራ ሲያራግፍ፤
ክርስትና የተነሣ ሕፃን እዚያው ዳግም ይነሣል።
ቤሩት የሚሄዱት ልጆች ሲመጡ ግን
ጉርድ ነው የሚፈለገው፣ ነጭ መደብ፣ ጆሮ የሚያሳይ፤
ያኔ አንሶላ እጥላለሁ በባሕሩ ላይ።
እውነተኛውን የሚሻገሩት እነሱ ናቸው፤
ይህን ሳያዩት ተነሥተው ይሄዳሉ።

ዘንድሮ ክረምት ጣሪያው አፈሰሰ፤
እውነተኛ ውሃ የተሳለውን ውሃ ከጥጉ አፈረሰ።
መርዕድ ብሩሹን ጥሎ ባጃጅ ይነዳል፤
ካሜራ ያለው ሰው ቀለም ለምን ይለምናል?
አልኩና በጥቅምት ማለቂያ፣ ቅዳሜ፣ አሥራ አንድ ተኩል
ወደ ገፈርሳ ወጣሁ፣ ባለ ሦስት እግሩን ተሸክሜ።

የከተማው ዳርቻና የውሃው ዳርቻ እዚያ ይገናኛሉ፤
ባሕር አይተው የማያውቁ ባሕር ዛፎች ዙሪያውን ቆመዋል፣ ያያሉ።
ሁለት ዝይ፣ ጭቃ፣ የሃይላንድ ላስቲክ፣ የደረቀ ሣር፤
ፀሐይ ከወጨጫ ትከሻ ኋላ፣ አንድ ጣት ሲቀራት ለመሰወር።

በቋንቋችን ብርሃን ይወድቃል፣ ፎቶ ደግሞ ይነሣል፤
በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ከሽፋሽፍት ያንሳል።
የኔ እንጀራ እዚያ መካከል ነው፤
ከወደቀበት ማንሣት፣ ጭቃው ሳይጠጣው።

መጣ። መጀመሪያ መዳብ፣ ቀጥሎ የበሰለ ትርንጎ፣
ከዚያ ስም የሌለው፣ ውሃውን ከስር እንደ ፋኖስ አድርጎ…
ጣቴን ስሰድ
«ቁም! ማንሣት ክልክል ነው!»

ካፖርት፣ ዱላ፣ ፊሽካ። የግድቡ ጥበቃ፣ ጋሽ በዳኔ።
«ምን አነሣህ?»
«ምንም። ብርሃን።»
«ብርሃኑም የውሃና ፍሳሽ ነው። አምጣ፣ ልየው።»
እሱ በትንሿ መስኮት ሣር ሲያይ፣ ዝይ ሲያይ፣
እኔ ባዶ እጄን፣ ከጀርባው ውሃው ሲነድ ሳይ፣
«ጋሼ፣ ዞር ይበሉማ» ብዬ ሳልጨርስ
ግማሹ አመድ ሆነ።

«ለምን ፈለግኸው?»
«ለመጋረጃ። ባሕር ላስመስልበት።»
ሳቀ፣ ሳሉ እስኪመጣ።
«ስድስት ዓመት ምጽዋ ነበርኩ፣ መርከብ ላይ፣ ወጥ ቤት።
ሽንኩርት ስከትፍ፣ ሰሃን በምታህል ክብ መስኮት
ነው ባሕርን የማውቃት።
እዚያ ብርሃን እንዲህ ተደብቀው አይጠብቁትም፣ ልጄ፤
ገብቶ ቢላዋዬ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ ሲበዛብኝ በእጄ
አባርረው ነበር።»

ዝም አለ። ካሜራዬን መለሰ።
«ግድቡ እንዳይገባ፣ ወዲህ ዙር። አንድ ብቻ።»
ራሱም ጀርባውን ለውሃው ሰጥቶ ቆመ፣ ኮፍያውን አቃንቶ።
ነካሁት፤ ዘግይቼ።
ጥቁር ነው ፎቶው። ካፖርት የቱ፣ ውሃ የቱ፣ አይለይም፤
ደረቱ ላይ አንዲት የነሐስ ቁልፍ ትፋማለች፣ አትጠፋም፤
ከዚያ ምሽት የተነሣው እሷ ብቻ ናት።
ለመጋረጃ አልሆነችም።

በሳምንቱ ጋሽ በዳኔ መጣ፣ ለመታወቂያ ጉርድ።
አንሶላውን ሳልዘረጋ የመርዕድን ባሕር ቆሞ አየ፤
የተበላውን ጥግ አልጠየቀም፣ ዘንባባው ላይም አልቆየ።
«ጀልባዋ» አለ፣ «መልህቅ የላትም።»
ከደረት ኪሴ እስክሪብቶ መዘዘ፤ አላስፈቀደኝም።
ጎንበስ ብሎ፣ ምላሱን ነክሶ፣ ቀስ እያለ፣
ቀጭን ሰማያዊ ገመድ አወረደላት፣
እስከ መጋረጃው ስፌት።