አሥራ ሁለተኛዋ ጀልባ

አሥራ ሁለት ጀልባ፣ አሥራ ሁለት ቀለም፣
ካሞራ ገደል ዳር ያልመዘገብኩት የለም፤
የላላንቶ ነጯ፣ የዳንጊሶ ቀይዋ፣
የጦና አዲሲቱ፣ ቀለም የሚሸተው ገና መቅዘፊያዋ፣
በመጨረሻም ላይ የአቶ ሹንኩራ፣
በሬንጅ የተጣፈች፣ ሞተሯ እያሳለ ሲነሣ 'ሚያጓራ።
ሁሉንም ደርድሬ ገጹ ላይ አሰፈርኩ፣
«ይደውሉ» የሚል ቁልፍ ከየሥሩ አኖርኩ።

ታቦር ተራራ ሥር፣ ከኪራይ ክፍሌ ውስጥ፣ መብራት ሳይሄድብኝ፣
ለያንዳንዱ ቁልፍ አንዳንድ ጆሮ ሰጠሁ፣ አንዱም ሳያመልጠኝ።
ጃቫስክሪፕት ታዛዥ ነው፤
ያሰብኩትን ትቶ ያልኩትን አደረገ።

ቅዳሜ ተከፈተ።
ሙሽሮች ከነሚዜ ቀይዋን መረጡ፤
የሹንኩራ ስልክ ጠራ።
የዩኒቨርሲቲ ልጆች ገንዘብ አዋጥተው ነጯን ነኩ፤
የሹንኩራ ስልክ ጠራ።
ከሻሸመኔ የመጣ ሕፃን «ያቺን አዲሷን!» ብሎ
ማንጎ የነካው ጣቱን ስክሪኑ ላይ ቢተክል፣
የሹንኩራ ስልክ ጠራ።

ካምና ወዲህ ስልኩን ከልጁ በቀር የጠራው አልነበረም፣
ዛሬ ግን ከኪሱ ገብቶ ሊያርፍ አልቻለም።
«አምላክ አስታወሰኝ» ብሎ ቤንዚን በዱቤ ቀዳ፣
ለልጁም ጫማ ገዛለት፤ እሱም ሌላ ዕዳ።
ሌሎቹ ዳር ላይ ቆመው፣ ጠርጥረው ተያዩ፦
«ይቺ ልጅ ዘመዱ ናት» አሉ፤ «ጉቦም አለ፣ እዩ!»

አመሻሽ ላይ በሬ ተንኳኳ።
ሰባት ቆሮሶ በሲባጎ ሰክቶ፣
«እግዜር ይስጥሽ ልጄ» አለኝ፣
ባርኔጣውን አንሥቶ።

ዓሣውን ጠበስኩ።
የመጀመሪያው ጉርሻ ላይ ነገሩ ታየኝ፦

አንዲት ሰሌዳ ነበረች በእጄ የያዝኳት፣
በየዙሩ ስም እየጻፍኩ፣ መልሼ የፋቅኳት፤
ዳንጊሶን በላላንቶ፣ ላላንቶን በጦና፣
ዙሩ ሲያበቃ የቀረው ሹንኩራ ሆነና፣
አሥራ ሁለቱ ጆሮ፣ በተነካ ቁጥር፣
ዞሮ የሚያነበው ያንኑ ስም ነበር።
እሱ «አምላክ» ያለው
የኔ ስህተት ነበር።

እሑድ ማለዳ ዋርካው ሥር ቦንሳሞን አየሁት፣ ተራ አስከባሪውን።
ከጀልባ ጀልባ አይሮጥም። ወንበሩ ላይ ነው ውሎው፤
ፉጨት ካንገቱ፣ አባ ኮዳ ከጎኑ።
ጥሪ ግን ከየትም ቢነሣ ወደሱ ይወጣል፣
ከሐይቁ ሆድ እንደሚወጣ የዓሣ ትንፋሽ፣
አረፋ በአረፋ ላይ።
«ማነው የተጠራው?» ይላል፤ ጣቱን ይቀስራል፤ አለቀ።

ተመልሼ አሥራ ሁለቱን ጆሮ ነቀልኩ፣
ሁሉን ባቀፈው ሳጥን ደጅ አንድ ቦንሳሞ ተከልኩ።
«ምስሏን የነካ ቢሆን፣ ወደ ላይ ወጥተህ ባለቤቷን ፈልግ፤
ባዶውን ውኃ የነካ ቢሆን፣ ዝም በል፣ ምንም አታድርግ።»
ሰኞ አሥራ ሦስተኛ ጀልባ መጣች፤
አንዲት ፊደል ሳልጨምር ሰማት።

ዳንጊሶ ተጠራ። ጦናም ተጠራ።
ሐሜቱ ቆመ፤ ሰላምታዬም ተመለሰ።
ሹንኩራ ግን ማክሰኞ ዝም፤ ረቡዕ ዝም።
ጫማው ሱቅ አይመለስም፣ ልጁ ለብሶት ኳስ መትቶበታል።
ሰሌዳውን ማረም ችያለሁ፤
ሰባት ቆሮሶ የሚመልስ ኮድ ግን አላውቅም።

ሐሙስ ወረድኩ። ዳር ቆሜ አሥራ ሁለተኛዋን ነካሁ።
ከወዲያ ማዶ ኪሱን ሲዳብስ አየሁት፤
ስልኩን ካይኑ አራቀ፣ አቀረበ፣
«ሃሎ… የኔን ነው የነካሽው?»
«አዎ፣ የእርስዎን።»
«ተሳስተሽ እንዳይሆን፣ ልጄ?»
«አይደለም።»

ሞተሩ ሁለቴ አሳለ፤
በሦስተኛው ተነሣ።