ቁጥር የሌላት

ኦልተን ጣቢያው ጎን፣ በሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
አሎይስን አገኘሁት ከመመሪያው ሲወያይ፤
ሥዕሉ ደብዝዟል፣ ቀስቱ ይጠቁማል ባዶ፣
ጀርመንኛው የመጣ ከሌላ ቋንቋ ተሰዶ።
ዘጠኝን ካሥራ አንድ አጋጥሙ ይላል፤
አሥር የት እንዳለ አንድዬ ብቻ ያውቃል።

አርባ ዓመት ሙሉ፣ በሌሊት በብርድ፣
ፉርጎ ከፉርጎ ጋር ያጋባ የነበር ክንድ፣
አሁን ሩዝ የምታክል ቅንጣት መንጠቆ
በወረንጦ ይዞ ይርዳል ተጨንቆ።
«ሙጫውን ያዝልኝ» አለኝ፤ ያዝኩለት፤
ጣራው ከጣቴ ጋር ተጣብቆ ቀረበት።

እኩለ ሌሊት ላይ ፉርጎው ቆመ። ግና
አንዲት ነገር ተርፋለች፤ ቁጥር የላትምና
መመሪያው አያውቃት። ልጥላት ስነሳ
እጄን ቀጨም አርጎ፣ ድምፁ እየሳሳ፦
«መርገጫ ናት ይቺ። ያውቃታል እግሬ፤
ስንቱን የበረዶ ሌት ቆሜባት አድሬ።»

ወረቀቱን አጥፎ ከብርጭቆ ሥር አኖረ፤
ዓይኑን ጨፍኖ ቦታዋን በጣቱ መረመረ።
ጠቅ አለች። ሙጫው ያዘ።
ታች የጭነት ባቡር ሲያልፍ፣ ጠረጴዛው ሲናጥ፣
ፉርጎው ያለ ሀዲድ አንድ ጣት ተጓዘ።