ጨፍኜ የፈረምኩት

ለሥራ አስኪያጁ፣ ኢዝሚር።
ይህ ሰባተኛ ደብዳቤዬ ነው፣ ከስድስቱ የሚያጥር።
በስድስቱ "እርስዎ" ብዬ ነበር፤
በዚህኛው "አንተ" ልበልህ፣ ሌሊት ነውና፣ ማንም የለም የሚያፍር።

የምጽፈው ከስዋንሲ ነው፣ ከአረጋውያን ቤት፣ ከፈረቃዬ፤
ኔሪስ ነኝ። አንተ ዘንድ ግን ቁጥር ነኝ፣
አራት መቶ አሥራ ሰባት፣ ቀኝ ዓይን፣ ቅሬታ።

ለውበት አልነበረም የመጣሁት
(ትንሽ ነበረበት፣ አልዋሽም)።
የዓይኔ ቆብ ወርዶ ወርዶ፣ ሃምሳ ስምንት ዓመት ሲጫነው፣
"አንቀላፋሽ ወይ?" ይሉኛል፣ ገና ሥራ ስገባ ነው።
አለቃዬም አንድ ማታ በጨዋ ደንብ ጠራችኝ፣
"ከበደሽ ወይ?" ልትለኝ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ።

በዚያው ሌሊት ከሴቭዳችሁ ጋር ተጻጻፍን በስልክ፤
ቀይ ልብ ታክልበታለች መልእክት በላከች ቁጥር ስትልክ።
ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ፓውንድ፣ ሆቴል፣ ቁርስ፣ መኪና ተካቶ፣
ያንገት ትራስ እንኳ ነበረው፣ ስማችሁ በወርቅ ክር ገብቶ።

ወረቀቱ አሥራ አንድ ገጽ፣ በቱርክኛ የተጻፈ፤
የመጣው ከመርፌው በኋላ ነው፣ ጭንቅላቴ እየተንሳፈፈ።
"እዚህ ጋ" አለች ሴቭዳ፣ በጥፍሯ።
ዓይኔን ጨፍኜ ፈረምኩ።
ያቺ ናት የመጨረሻዋ፣
ዓይኔን የጨፈንኩባት።

በማግሥቱ አንዲት ነርስ
(ስሟን አልጽፍልህም፣ ልጆች አሏት)
ፋሻዬን ስትፈታ እጇ ቆመ፣
በሁለት ጣቷ መቀስ ሠርታ
"ብዙ" አለችኝ፣ በሹክሹክታ፣
የዓይን ጠብታ ኪሴ ከተተች፣ በሩን እያየች፣ ፈርታ።

"እብጠት ነው፣ በስድስት ወር ይሰክናል፣ ታገሺ" አለ ሐኪማችሁ።
ታገስኩላችሁ።
የባንኩ ትዕግሥት ግን መቶ ሃያ ቀን ኖሯል፣ በቃ፤
"ዘግይተሻል" አለኝ፣ ሙዚቃ ካሰማኝ አርባ ደቂቃ።

ጠበቃዋ ወይዘሪት ፕሮበርት ግማሽ ሰዓት በነፃ ሰጠችኝ፣
ሰዓቷን ጠረጴዛ ላይ አኑራ "ንገሪኝ" አለችኝ።
ገጽ ዘጠኝን በስልኳ አስተርጉማ አነበበችልኝ፦
ጠብ ቢነሳ ዳኛው ኢዝሚር ነው።
"መብት አለሽ" አለች፣ "መብቱ ግን ባሕር ያሻግራል፤
ተርጓሚ፣ ማኅተም፣ ባለሙያ ምስክር፤ ከቆቡ ይልቅ ክሱ ያስከፍላል።"
ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል፤
አንተ ግን ከመቼ ወዲህ ነገሥክ?

ከዚያ ያንተ መልስ መጣ።
"ግማሹን እንመልስልሽ፣ አንቺ ደግሞ አፍሽን ክደኚ፤
በአሥር ቀን ካልፈረምሽ ፋይሉ ይዘጋል፣ ተማመኚ።"
ክደኚ ትለኛለህ፣ መክደን ያቃተኝን ሴት!

ብዕር እንዳነሳሁ ደወል ጮኸ፣ ክፍል ሰባት።
ሚስተር ኤምሊን፣ ዘጠና አንድ ዓመቱ፣
ድሮ የባቡር ምልክት ጠባቂ ነበር፣ እንደኔው የሌሊት ሰው።
"አንቺ እኮ አትተኚም" ይለኝ ነበር፣ እንደ ሙገሳ።
እጄን ያዘ። ሊነጋጋ ሲል አረፈ።
ዓይኖቹ ክፍት ነበሩ።
በሁለት ጣቴ ዳበስኳቸው፣
ተከደኑ፣ ያለ ክርክር።
ቀላል ነው፣ ለሌላ ሰው።

የራሴን በፕላስተር ነው የማስተኛት፤
እሱንም የባሕሩ ነፋስ ፈልጎ ያገኘዋል፣
አሸዋ ይዞ ይገባል።

እና መልሴ፦ አልፈርምም።
ፋይሉን ዝጋው፤ የሚዘጋ ነገር ያለህ አንተ ነህ።
አሮጌ መዝገበ ቃላት ገዝቻለሁ፣ በሦስት ፓውንድ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ።
ጎዝ፣ ዓይን ነው። ኢምዛ፣ ፊርማ።
ውልህን በቃል በቃል አነባለሁ፣ ደወል በማይጮህበት ሰዓት፤
ገጽ አራት ላይ ደርሻለሁ።
ሌሊቱ ረዥም ነው፤
ደግሞም አሁን
"አንቀላፋሽ ወይ?" የሚለኝ የለም።