ከፎጣው ሥር

ሰኞ ነው። ባቲ ላይ ፀሐዩ ሳይከር፣
አባቴ ሙሄ ቆሟል ከግመሎች ዳር።
አፉ ስለ ዝናብ፣ ስለ ሚሌ ሣር፣
ጣቱ ግን ሌላ ነው የሚነጋገር፤
ከፎጣው ሥር ገብቶ ከሁመድ መዳፍ፣
ሁለት ጣት ጨበጥ፣ አንዱን ለቀቅ፣ ደግሞ አለፍ።
ሺሁም መቶውም እዚያው ይፈጸማል፤
ዙሪያውን የቆመው ፎጣ ብቻ ያያል።
አርባ ዓመት ደላላ፤ ስንት ውል ተዋውሎ፣
አንድ ቀን አልሰማነውም «እገሌ በዚህ ሸጠ» ብሎ።

እኔ ነኝ ያበላሸሁት።

ኮምቦልቻ ተምሬ በመጣሁ ሰሞን፣
ፎጣውን ነፋስ ሲገልበው አንድ ሰኞ ቀን፣
ቪዲዮ ቀረጽኩት። አሥራ አንድ ሰከንድ።
ልብ ተለጠፈበት ከየአገሩ፣ ከየመንገድ፤
«ማሻ አላህ» አሉ፣ «ባህላችን» አሉ፣
አሥራ ሁለት ሺህ ሰዎች፣ ጣቱን እያጎሉ።

በሳምንቱ አንድ ወጣት ገዢ መጣ፣
ስልኩን አባቴ ፊት ደቅኖ ምስጢሩን ለገበያው አወጣ፦
«ሙሄ፣ ያቺን ጥጃ በዚህ አልነበር የሸጥከው?»
አባቴ ስልኩን አየ። ጣቶቹን አየ።
እጁን ኪሱ ከተተው።

ቢሰድበኝ በተሻለኝ። ዝም ብሎ ዋለ።
ማታ ግን፣ ራት ላይ፣ አንድ ነገር አለ፦
«ይህ ያንቺ ገበያ፣ ይህ ያለው ስልክሽ ውስጥ፣
ማን ነው ባለቤቱ? ማን ገዝቶ ማን ሊሸጥ?»
«የሁላችንም ነው» አልኩት።
«ታዲያ ቀረጡን የሚበላው?»

መልስ አልነበረኝም። ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ፤
ያን ረጅም ውል፣ «እስማማለሁ» ብዬ በአውራ ጣቴ የዘለልኩትን፣ ቁጭ ብዬ አነበብኩ።
የት እንደዋልኩ ያውቃል፣ ከማን እንዳወጋሁ፣
የሟች ወንድሜን ፎቶ በሌሊት ስንቴ እንደነካሁ፤
ይህን ሰፍሮ፣ መዝኖ፣ ይሸጣል ለማላውቀው።
ሻጭ መስዬ ነበር ለራሴ።
ለካ ግመሏ ነኝ፤ ቆሜ የማመሰኳው።

የአክስቴ ልጅ ጦይባ፣ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣
አልጋዋ ሥር አሮጌ ኮምፒውተር ነበር።
ሰርቨር አደረገችው። መብራት ሲጠፋ ይጠፋል፣
መብራት ሲመጣ ደግሞ እያቃሰተ ይነሳል።
አርባ ሦስት ሰው ነን። ደንቡ አንድ ገጽ ነው፤
ቅሬታ ያለው ሰው የጦይባን በር ነው የሚያንኳኳው።
ሌላ አለ ሐይቅ ላይ፣ በአንድ መምህር ቤት፣
ሦስተኛው ወልድያ፣ ፋርማሲ ጓዳ፣ ከካርቶኖች ፊት።
ይጠያየቃሉ፣ ሰላም ይባባላሉ፣
ቁልፋቸውን ግን በየራሳቸው ወገብ ያንጠለጥላሉ።
የከፋው ሰው ጓዙን ጭኖ ወደ ሌላው ይሻገራል፣
ወዳጆቹም አብረውት፤ ማን ይከለክላል?

አላጋንንም። ጭር ይላል አንዳንዴ፤
አሥራ ሁለት ሺሁ አልተከተሉኝም። «እንዴ!
ማን ያይሻል እዚያ?» ይሉኛል።
ልክ ነው። ባለፈው የጻፍኩትን ያየው ሰባት ሰው፤
ሰባቱንም ግን በስም ነው የማውቀው።
ጦይባም ሰው ናት፤ ነገ ብትታመም፣ ብትሰለች፣
ያቺ የአልጋ ሥር ሳጥን ምን ትሆናለች?
ይህንንም አስባለሁ።

ቪዲዮውን አጠፋሁት። «ጠፍቷል» አለኝ ስልኩ፤
ስንቶች ናቸው ቀድመው ለስንት ሰው የላኩ?
አባቴና ሁመድ ምልክት ለወጡ፤
የቱ ጣት ስንት እንደሆነ ለልጅም አላወጡ።

ትናንት ገበያው ሲበተን፣ ጥላ ሥር ሲቀመጥ፣
ጠራኝና ፎጣውን ጣለብን። ለቀቅ። ጠበቅ። ጨበጥ።
አፉ ስለ ዝናብ፣ ስለ ሚሌ ሣር፤
ጣቱ ግን መዳፌ ላይ ይነግረኝ ነበር።

ምን እንዳለኝ?
ገብቶኛል።
እናንተ ፎጣውን እዩ።