ቤት መምቻ ፈቃድ

ቤቱ የተሸጠልን ባሮጌ መኪና ዋጋ ነው፤
ክቬድሊንቡርግ፣ ከቆዳ ፋቂዎች መንገድ ጥግ፣
ወገቡ እንደ ከዳው ሽማግሌ
በጎረቤቱ ትከሻ የተደገፈ፣
የእንጨት አጥንቱ ከጭቃ ሥጋው አፈንግጦ የሚታይ።
«ርካሽ ነው» አልኳት ለትርሲት።
«ርካሽ ነገር ዘመዶቹን ይዞ ይመጣል» አለችኝ።
መጡ።

ውል አዋዋዩ ከራስጌ እስከ ግርጌ
ጮክ ብሎ አነበበልን፤ ሕጉ ያዘዋል፤
እንደ ዳዊት ደጋሚ፣ ሳይተነፍስ፣
አንቀጽ ባንቀጽ ላይ።
እኔ «የእናንተ» የምትለዋን ቃል እጠብቃለሁ።
መጣች፤ ግን «ይሁን እንጂ»ን አስከትላ።

ፈርመንም ገና ነው።
ከተማው ቀድሞ የመግዛት መብት አለው፤
«እኔ ልውሰደው» ቢል ይወስደዋል።
ሳምንታት ደጅ ጠናን።
ደብዳቤው «ይቅርብኝ» አለ።
ደስ አለን፤ ትንሽም ከፋን።

ከዚያ ከቅርስ ጥበቃ ወይዘሮ ሃርተንሽታይን መጣች፣
በብስክሌት።
ባትሪዋን በጥርሷ ነክሳ ጣሪያው ሥር ገባች፤
ሸረሪቱን ሳይቀር መዘገበች።
«መስኮቱ እንጨት እንጂ ፕላስቲክ አይሆንም።
ግድግዳው ኖራና ጭቃ፤ ሲሚንቶ እንዳይነካው።
ቀለሙ በተልባ ዘይት የተበጠበጠ፤ ሌላው እንጨቱን ያፍነዋል።»
«የግብር ቅናሹስ?»
«ሥራ ሳትጀምሩ ካስፈቀዳችሁ አለ።
ጀምራችሁ ከመጣችሁ፣ የለም።»
«ተልባ ቢንጫጫ...» አለች ትርሲት በአማርኛ።
ሙቀጫው ማን እንደሆነ ገባኝ።

«ሚስማርስ መምታት እችላለሁ?»
«የት ላይ?»
በእኛ ቋንቋ ግጥም ራሱ ቤት ይመታል፣ አልኳት፣
የስንኝ ጫፍ ከስንኝ ጫፍ ሲገጥም።
አሰበችበት።
«እዚህ ቤት ለመምታት» አለች፣
«ማመልከቻ በሁለት ቅጂ።»
ይህ ግጥም ቤት የማይመታው ለዚህ ነው፤
ጉዳዩ እየታየ ነው።

ደረጃው ላይ አንዲት ጠባብ መስኮት አለች፣
ከእህቶቿ መስመር የወጣች፣ ዐይነ ሸውራራ።
«ይቺን ላቃናት» አልኩ።
ወይዘሮ ሃርተንሽታይን ጓንቷን አወለቀች
(ጓንት ካወለቀች ነገሩ ከባድ ነው)፣
ከመዝገብ ቤት የተቀዳ ወረቀት ዘረጋች፦
በፈረንጆች 1794፣ ዮስት ክራውተ የተባለ ቆዳ ፋቂ፣
በጨለማው ደረጃ ሦስቴ ቢወድቅ፣
ሳያስፈቅድ ግድግዳውን በሳ።
አራት ታለር ተቀጣ። ድፈን ተባለ።
እሺ አለ። ሳይደፍን ሞተ።
«ከዚህ ቤት ሁሉ» አለች፣
«አጥብቀን የምንጠብቀው ይቺን መስኮት ነው።»

ትርሲት ወረቀቱን ሁለቴ አነበበች።
«እንግዲያ ጥፋት ዕድሜ ካገኘ...»
«ይህን አልሰማሁም» አለች ሴትዮዋ፣
ጓንቷን መልሳ እያጠለቀች።

ማታ ብርዱ በረታ፤ ካፖርቴ መስቀያ የለውም።
ከሸውራራዋ መስኮት ጎን፣ አንዲት ቀጭን ሚስማር፣
መዶሻው ላይ ካልሲ ጠቅልዬ፣
ሦስት ጊዜ ብቻ።
ቤቱ ምንም አላለ፤
ካፖርቴ ተንጠለጠለ።

ይኸው፣ ቤት መታ።
ለወይዘሮ ሃርተንሽታይን እንዳትነግሩብኝ።