ክፍል ሰባት፣ አፉላ

አባ ያልጋነህ «ሆዴ ሸፈተ» አሉ፤
እኔ በዕብራይስጥ «ሆዳቸውን ያማቸዋል» አልሁ።
በሁለቱ መሀል የወደቀውን
ከወንበሩ ሥር በእግሬ ገፋ አደረግሁ።

ዶክተር ራኒያ የካሜራውን ምስል አዞረች፤
ቁስል የለም፣ እብጠት የለም፣
አንጀታቸው እንደ ታጠበ ሐር።
«ታዲያ ዋሸሁ?» አሉ።
ይህን ሳልተረጉምላት ገባት።

«ንገሪያቸው፤ ውስጣቸው ነዋሪ አለ፣
በዓይን የማይታይ፣ እንደ አብርሃም ዘር የበዛ፣
(የአብርሃምን እኔ ነኝ የጨመርሁት)
የበሉትን የሚያብላላ፣ ደጁን የሚጠብቅ።
ለጥርሳቸው ሦስት ዙር የዋጡት መድኃኒት
ጥፋተኛውን ከንጹሑ ሳይለይ ጠርጎት
ሰፈሩ ሳይናጋ አልቀረም።
ባዶ ቤት ያገኘ ገብቶ ይነፋል፤
ነርቩም ሹክሹክታውን እንደ ጩኸት ይሰማል።
ማን ጀመረው? እነሱ ወይስ ነርቩ?
እኛም ገና እየጠየቅን ነው።»

ባክቴሪያን ምን ልበለው?
ትል ብል፣ ኮሶ አምጪ ይሉኛል።
ጀርም ብል፣ እጃቸውን ሊታጠቡ ይነሣሉ።
«ጎረቤት» አልሁ በመጨረሻ፤
«ሆድዎ ውስጥ ጎረቤት አለ፣ ተጣልቶ ነው።»

ዝም አሉ።
ውጭ የቤት ሻን አውቶቡስ ዳገቱ ላይ አቃሰተ።
«ሆድ ካገር ይሰፋል ሲሉ እሰማ ነበር፣
ሕዝብ እንዳለው ግን ማን ነገረኝ?»
ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦
«ልጄ ከጦር ሰፈር ሳይደውል ያደረ ለት፣
የፋብሪካው አለቃ ስሜን አሳጥሮ የጠራኝ ለት፣
ሆድ ይፍጀው እያልሁ የዋጥሁትን ሁሉ
የበሉት እነዚህ ናቸዋ!
ምስኪኖች።
ምን ያድርጉ፣ ይጣሉ እንጂ።»

ዶክተሯ «ምን አሉ?» አለች።
«ሽንኩርትና ባቄላ እቀንሳለሁ አሉ» አልኋት።

ማታ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣
ሦስት ማቆሚያ ሲቀረኝ ሆዴ ተገለበጠ።
በዚህ መንገድ የእያንዳንዱን መጸዳጃ ቤት ቁልፍ
ማን እንደሚይዝ አውቃለሁ፦
የማደያውን ኢጎር፣ የዳቦ ቤቱን ማዛል፣
የምኵራቡን ያን ቁጡ ዘበኛ።
ስድስት ዓመት ለማንም ያልተረጎምሁትን ሆዴን
በሁለት እጄ ደግፌ
በአማርኛ፣ ቀስ ብዬ፣
«እንዴት ዋላችሁ?» አልኋቸው።

ሁሉም ባንዴ መለሱ።